አስራ ሰባት

መጀመሪያ የሰማሁት ቃሌን ነው፤ ድምፁ የማን እንደሆነ የለየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ እንደ አመሉ ወረቀት ጎርሶ አልተፋም ብሎኝ ሆዱን ከፍቼ ስታገል፣ ከኋላዬ ካለው አግዳሚ ላይ አንድ ስልክ እንዲህ ይላል፦ «ሰውየው ሲሮጥ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሳሙና በረገጠ እግር ነው የሚሄድ። ቁም ስትሉት አይቆምም፤ ሁለት እርምጃ ሰርቆ ነው የሚቆም።» እጄ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ስለ ጌም ሲያወራ «ሁለት እርምጃ ሰርቆ ነው የሚቆም» የሚል ሰው ከደሴ እስከ ወልድያ ቢፈለግ አንድ ነው፤ እሷም እኔ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት በካሬ ደብተር ስድስት ገጽ ሙሉ የጻፍኩት ነው። ድምፁ ግን የወንድሜ የማህዲ ነው።

ስልኩን የያዘው ሙዓዝ ነው፤ መናኸሪያው በር ላይ ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤታችን፣ መንጃ ፈቃዱን ኮፒ ሊያስደርግ መጥቶ ተራ ይጠብቃል። ፊቴ ሲለዋወጥ ደስታ መሰለው መሰለኝ፣ «ኢቲ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ማህዲ ሐይቅን አስጠራት እኮ» ብሎ ስልኩን ወደኔ አዞረው። ማህዲ የዒድ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። ከኋላው የሳሎናችን አረንጓዴ መጋረጃ አለ፤ የተቀደደው ጥጉ እንዳይታይ ጎንበስ ብሎበታል። አርባ አንድ ሺህ ሰው አይቶታል። ከሥሩ ቪዲዮውን የለጠፈው የአዲስ አበባ ድርጅት እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ ከክፍለ ሀገር ሦስት የጌም ሞካሪዎች ተመርጠዋል፣ አንደኛው ማህዲ ኑርሁሴን ከሐይቅ፣ ደመወዝ ሃያ አምስት ሺህ ብር ከመኖሪያ ጋር። ሙዓዝ «ነገ አይደል የሚሄደው?» አለኝ። ነገ መሄዱን አውቃለሁ። እኔ የማውቀው ግን መርካቶ አንድ ነጋዴ ጋ ዕቃ ቤት ሊጠብቅ መሄዱን ነው። ትናንት ማታ ያንኑ ነጭ ሸሚዝ «አዲስ አበባ ተጨማዶ አይለበስም» ብዬ የተኮስኩለት እኔው ነኝ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ስለ ጌሙ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የተሰረቅኩት ምን እንደሆነ አይገባችሁም። ስቶንላይን ይባላል። አራት አራት ሆነው በቡድን የሚታኮሱበት የስልክ ጌም ነው፤ ሁሉም ሰው ከያለበት በኢንተርኔት ገብቶ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ገና ለሕዝብ አልወጣም። ድርጅቱ ታዲያ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ሰው እየተጫወተ የመጀመሪያ ግምቱን ይላክልን ብሎ ማስታወቂያ አወጣ፤ በሁለት ነገር ላይ ብቻ፦ በእንቅስቃሴው እና ኔት ላይ ባለው አቅሙ። የኔ ስልክ ሁለት ጊጋ ናት፣ ጌሙን ጭራሽ አትከፍተውም። የማህዲ ስልክ ይከፍተዋል። ስለዚህ በእሱ ስልክ፣ በእሱ ቁጥር፣ በእሱ ስም ተመዘገብኩ። ስህተቴ ይሄ ነው፤ አልክድም። ምሳ በልቶ ሲተኛ ከዙሁር እስከ አስር ሶላት ስልኩ የኔ ነበር። እሱ ራሱ ጌሙን አንድ ቀን ሞክሮታል፤ ሰውየውን ግድግዳ ላይ አፍጥጦ አቁሞት «ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚዞር?» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ።

አሥራ አራት ቀን ተጫወትኩ። ጆሮ ማዳመጫ ሳልሰካ አንድም ቀን አልከፈትኩትም፣ እማ የተኩስ ድምፅ ከሰማች ተነስታ በር ትዘጋለች፤ በጦርነቱ ያየችውን አይታለች፣ አልፈርድባትም። እያንዳንዷን ነገር ጻፍኳት። ሲሮጥ እንደሚንሸራተት፣ በመስኮት ሲዘል ደፉ ላይ ጉልበቱ እንደሚያዝ፣ ተንበርክኮ ሲነሳ ጠመንጃው ከእሱ ቀድሞ እንደሚነሳ። ሁሉን አልኮነንኩም። ግንብ ሲወጣ ግን ማሻአላህ ነው፣ መጀመሪያ እጁ ይይዛል ከዚያ ሰውነቱ ይከተላል፣ እንደዚያ ዓይነት ሌላ ጌም ላይ አላየሁም ብዬ ጽፌያለሁ። ኔቱንም ለካሁ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ላይ ፒንጉ፣ ማለት ኔቱ የሚዘገየው፣ መቶ አሥር፣ ቤት ሳሎን ሦስት መቶ፣ ኩሽና አምስት መቶ፣ ዝናብ ከጣለ እርሙን አውጡት። ከዚያ ወደ አስራ ሰባት ገባሁ።

አስራ ሰባት የሳምሪ ቃል ነው። ሳምሪ ውጫሌ እናቷ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ በአካል ሁለቴ ብቻ ነው የተገናኘነው፣ በጌም ግን አራት ዓመት አብረን ሞተናል። ውጫሌ ተወልዶ ስለ ውሉ ሳይሰማ ያደገ የለም። መምህራቸው ዱላ ይዞ ነበር አሉ አንቀጽ አስራ ሰባትን የሚያስጠናቸው፦ አንድ ውል፣ ሁለት ቅጂ፣ በአማርኛው አንድ ነገር ይላል በጣልያንኛው ሌላ። አንድ ቀን ሳምሪ ጠላቷን ሦስት ጥይት ግንባሩ ላይ አስቆጠረችው፤ ስልኳ ላይ ወደቀ። ወዲያው ጌሙ «ሞተሻል» አላት። እሷ ስልክ ላይ የሞተው እሱ፣ ሁሉን በሚመዘግበው የድርጅቱ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ፣ የሞተችው እሷ። «ኢቲ፣ ይሄ እኮ አስራ ሰባት ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ያየው ሌላ ሰርቨሩ የመዘገበው ሌላ ሲሆን አስራ ሰባት እንላለን። ደብተሬ ላይም «የዚህ ጌም ዋና በሽታው አስራ ሰባቱ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ አሰመርኩበት። ለሰው የምልከው መሆኑን ረስቼ፣ ሳልተረጉመው።

ማህዲ ቪዲዮው ላይ እዚያ ሲደርስ ትንሽ ቆመ። ዓይኑ ወደ ደብተሩ ወረደና ተመለሰ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ ምን አለ መሰላችሁ? «ከተጫወትኳቸው ጨዋታዎች አስራ ሰባቱ በሽታ ነበረባቸው።» ከታች ሰዉ «በቁጥር ያስረዳ የመጀመሪያው ሰው» እያለ ያጨበጭባል። ሳልፈልግ ሳቅኩ። ሙዓዝ አብሮኝ ሳቀ፣ ምን እንዳሳቀኝ ግን አያውቅም። ኮፒውን ሰጥቼ አሥር ብሬን ተቀበልኩት። ደብተሩን ማህዲ «አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፣ እኔ ፎቶ አንስቼ ልላክልሽ» ብሎ ነበር የወሰደው። በላይ በላዩ አመስግኜዋለሁ። ያንን ምስጋና መልሼ መዋጥ ብችል እውጠው ነበር።

ሳምሪ ጋ ደወልኩ። ሁሉን ነገርኳት። «አስራ ሰባትን ጭምር ወሰደው?» አለች። «ጭምር።» «በይ አሁኑኑ ጻፊላቸው፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ጻፍኩ። ሥራዬ የሰው ማመልከቻ መተየብ ነው፤ መሬቱ ለተወሰደበት፣ ባሏ ለጠፋ፣ ጡረታው ለዘገየ ሁሉ ጽፌያለሁ፤ ለራሴ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ጽሑፉ የኔ መሆኑን፣ የተመዘገብኩት በወንድሜ ስልክ መሆኑን፣ ደብተሩም እሱ ጋ መሆኑን ዘርዝሬ ላክሁ። አምስት ሰዓት ላይ መለሱ፦ «ውድ ተሳታፊ፣ የጠቀሱት ሥራ ቀደም ሲል በሌላ ተሳታፊ ስም በድምፅና በምስል ደርሶናል። የሌላን ሰው ሥራ የራስ አድርጎ ማቅረብ ከውድድር የሚያሰርዝ መሆኑን እናሳስባለን።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሌባዋ እኔ ሆኜ አረፍኩት። የሚመለስላቸው ብዙ ነገር መጣልኝ። በመጨረሻ አንድ መስመር ብቻ ላክሁ፦ «እንግዲያው አስራ ሰባት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁት።» አዩት። መልስ የለም።

ለምሳ ቤት ስገባ ግቢው ሙሉ ነው። አክስቴ ሱንዱስ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ጭኮ በቅቤ ለውሳ፣ በላስቲክ ጠቅጥቃ ይዛ መጥታለች። አዲስ ሻንጣ አልጋው ላይ ተከፍቷል፤ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት እንኳ አልተላጠለትም፣ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ። እማ ካልሲ እያጠፈች ከሱንዱስ ጋር ትስቃለች። እኔ በሩ ላይ ስቆም ሳቁ ቆመ። በቃ፣ የቀረው ሁሉ ገባኝ። ሰው ስለ መርካቶ ዕቃ ቤት ሲያወራ ሴት ልጁ ስትገባ አፉን አይዘጋም። እማ ካልሲውን ትታ ሌላ ካልሲ አነሳች፣ ያጠፈችውን መልሳ አጠፈች። ሱንዱስ «ኢቲዬ፣ በይ እስቲ ጭኮ ቅመሺ» አለችኝ። አልቀመስኩም።

«እማ፣ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

እማ ቀና አላለችም። «ወንድምሽ አይደል? ቤት የገባ ነገር የማን ነው ይባላል? ደግሞ አንቺን ለብቻሽ አዲስ አበባ ማን ይሰድሻል ብለሽ ነው፣ ያውም ተኩስ ልትጫወቺ። ዝም በይ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም።»

አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ሆድ ውስጥ ግን እስከዛሬ ዝም ያልኩት ሁሉ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ «ይብቃሽ» ስባል ዝም አልኩ፣ ደሴ የተገኘልኝ ሥራ «ራቅ አለ» ተብሎ ሲቀር ዝም አልኩ፣ የአዲሱ ስልክ ተራ የኔ ሆኖ ለማህዲ ሲገዛ ዝም አልኩ። ይሄኛው ግን ስልክ አይደለም። ስድስት ገጹ የኔ ጭንቅላት ነው። ማንም ሳያስተምረኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ፣ ስሜ የሚጻፍበት ነገር ነበር።

ከአስር ሶላት በኋላ ዱአ ተደረገ። ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ አባባ ከስፌት መኪናው ተነስቶ የቀረ ክር ከሱሪው ላይ እየለቀመ ገባ። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ሼህ እንድሪስ መሀል ተቀመጡ። ማህዲ ሻወር ወስዶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ በሩ ደፍ ላይ ቆሟል። ወደኔ አንዴም አላየ። ሼህ እንድሪስ መንገዱን አላህ እንዲያቀናለት፣ ከክፉ ዓይን እንዲጠብቀው፣ ለወግ ለማዕረግ እንዲያበቃው ለመኑ፤ ሰዉ አሚን አለ። ከዚያ እንደ ደንቡ ተጓዥ አውፍ የሚጠይቅበት ሰዓት መጣ። እኛ ዘንድ መንገደኛ ሐቅ ተሸክሞ አይወጣም፤ ከቤተሰብ ከጎረቤት አንድ በአንድ እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ይላል፣ ይቅር ይባላል። የአላህን ሐቅ አላህ ይምራል፣ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ ካላለፈው አይታለፍም፤ ይህንን ከልጅነቴ ጀምሮ የነገሩኝ እኒሁ ሼህ እንድሪስ ናቸው።

ማህዲ አባባን ጉልበቱን ሳመ፣ አውፍ ተባለ። እማን ሳመ፣ አለቀሰች፣ አውፍ አለችው። ሱንዱስም እንዲሁ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ምንጣፉን እያየ በአንድ ትንፋሽ «አውፍ በይኝ» ብሎ ሊያልፈኝ እግሩን አነሳ።

«ለምኑ?» አልኩት።

ማህዲ ፊቱ ቀላ። «ያው… ላስቀየምኩሽ ሁሉ።»

«ስሙን ጥራው። ስሙን ጠርተህ ጠይቀኝ፣ አውፍ እልሃለሁ። እዚሁ፣ ሰዉ ፊት።»

«ኢቲሳም» አለ አባባ። አባባ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ዝቅ ነው የሚያደርገው፣ ያን ጊዜ ነው የምንፈራው። «መንገደኛ አይያዝም። ዱአውን አታቋርጪ። በይው።» ሼህ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ፣ ሐቅ በስሙ ይጠራል ይላሉ ብዬ። መቁጠሪያቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። እማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ወደኔ ታያለች፣ በዓይኗ ትለምነኛለች። የቀረው ሰው ሁሉ የሚያየኝ እንደ ክፉ ሰው ነው። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገ ጠዋት ባጃጁ ሁሉ «ወንድሟን ሳታወፍ የሰደደች» እያለ ያወራኛል። እሱ ሰርቆ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል፣ እኔ ተሰርቄ አንገቴን እደፋለሁ።

«አውፍ» አልኩ።

«ከልብሽ በይው» አለ አባባ።

«አውፍ ብያለሁ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለ ሰዉ፣ ትንፋሹን ለቀቀ፣ ብርጭቆው ተንኳኳ፣ ወሬው ተመለሰ። ሱንዱስ ስለ አዲስ አበባ ብርድ ማስጠንቀቅ ጀመረች። እኔ የተጠጣበትን ብርጭቆ በትሪ ሰብስቤ ወደ ጓሮ ቧንቧ ወጣሁ። ቧንቧው ውሃ የሚመጣው በሁለት ቀን አንዴ ነው፤ ዛሬ ቀኑ ነበር። ሳሙናውን አብዝቼ አሻሁት፣ ብርጭቆ ሳይሆን ሌላ ነገር የማጥብ ይመስል። አላለቀስኩም። እንድናገር እንጂ እንዳለቅስ አልነበረም የፈለግኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ማህዲ ብቻውን ወደ ጓሮ መጣ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዟል። አጠገቤ መጥቶ ቆመ፣ የተከመረውን ብርጭቆ አየ፣ አንዱን አንስቶ በደረቅ ጨርቅ ያደርቅልኝ ጀመር። ልጆች ሆነን እንደዚያ ነበር የምናደርገው፤ እኔ አጥባለሁ፣ እሱ ያደርቃል፣ ከዚያ አብረን ወደ ሐይቁ እንሮጣለን። እውነቱን ልናገር፤ ሰው ፊት ያፈረውን አሁን ሊለኝ ነው አልኩ። «ሰርቄሻለሁ ኢቲ» ቢለኝ፣ ይህቺን አንዲት ቃል ቢላት፣ ወላሂ ሥራውንም እተውለት ነበር። ሃያ አምስት ሺውንም፣ ቤቱንም። እስቲ በል፣ በል እያልኩ በልቤ ጠበቅኩት።

«አውፍ ብለሽኛል አይደል?» አለ።

«ሰዉ ሁሉ ሰምቷል።»

«እንደሱ ሳይሆን… አኩርፈሽ እንዳይሆን ብዬ ነው።» ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ሌላ አነሳ። ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ኢቲ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከድርጅቱ አሁን ደወሉልኝ። ከነገ ወዲያ ስገባ ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር በአካል አስረዳን ብለውኛል። ካላስረዳሁ ሥራው ይቀራል። ደብተርሽ ላይ ብዙ ቦታ አለ፣ እኔ የጨዋታ ቁጥር መስሎኝ ነበር።» የያዘውን ብርጭቆ ትሪው ላይ አኖረ። «አስራ ሰባት ምንድን ነው?»

ለዚህ ነው የመጣው። ብርጭቆውን ያደረቀልኝ ለዚህ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሱ ግን የወጋበትን ለመሳል ከኔው ሞረድ ሊበደር መጣ። ቧንቧውን ዘጋሁት። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። አንገቴን ቀና አድርጌ ዓይኑን አየሁት፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም አየኝ።

«ስማኝ» አልኩት። «ዛሬ ሳሎን ውስጥ አውፍ ብዬሃለሁ። አንተ በጆሮህ ሰምተሃል፣ አባባ ሰምቷል፣ ሼህ እንድሪስም ሰምተዋል። በናንተ በኩል ነገሩ አልቋል፣ አሸንፈሃል። ሥራችንን የሚጽፈው መላኢካ መዝገብ ላይ ግን የተጻፈው ሌላ ነው።»

ግንባሩን ቋጠረ። ኩርፊያ መሰለው። «እሺ፣ እሱን አሁን ተይው ኢቲ፣ ወላሂ ስመለስ እክስሻለሁ። የጠየቅኩሽን ብቻ ንገሪኝ። አስራ ሰባት ምንድን ነው?»

«ነገርኩህ እኮ» አልኩት፣ ትሪዬንም ይዤ ገባሁ።